ከጭስ ነፃ ቅያስ

ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ ዛሬ ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሸማ ተራ ከሱቄ በር ተሰቅሎ የነበረ አንድ ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላ ነጭ መሆኑን አቁሟል። ሟች ከታጠበ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። ለሕልፈቱ ምክንያት የሆነው ቤንዚኑን ከዘይት ጋር በጥብጦ የሚጠጣ አንድ አሮጌ ሞተር ነው። ስድስት ካርቶን ጫማ ከኋላው ቆልሎ በእኛ ቅያስ ወደ ዱባይ ተራ ሊያቋርጥ ሲል ጋሪ መንገድ ዘጋበትና ልክ በሬ ላይ ቆመ። ቆሞም ዝም አላለም። የጭስ ማውጫውን ወደ ነጠላዬ አዙሮ ያስነጥስ ጀመር።

"ወንድሜ፣ አጥፋው እንጂ!" አልኩት ነጂውን።

"ካጠፋሁት አይነሣም ጋሼ።"

"ይኼስ ከጠቆረ ይነጣል?"

"ይታጠባላ!" ብሎኝ እልም አለ።

ይታጠባል። አዎ፣ ይታጠባል። የሚያጥበው ግን እሱ አይደለም።

ፊት ለፊቴ ሻርፕ የምትሸጠው ሪሐና ሁሉን አይታ ኖሮ፣ "ጋሽ ማስረሻ፣ ለምን ጥቁር አይሸጡም? በዚህ ከተማ ሐዘንተኛ አይጠፋም" አለችኝ። አልሳቅሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ነጭ ሸጫለሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ማታ ስናፈጥ መሐረቤ ላይ የቀረውን ነገር ለዚህ ደብተር ክብር ስል አልገልጸውም።

ሰኔ 5

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በበሬ ያለፉ ሞተሮች፦ አንድ መቶ አርባ ሁለት። ከእነዚህ ውስጥ ይቅርታ የጠየቁ፦ የሉም።

ሦስት የጠቆሩ ነጠላዎች ይዤ ወደ ጓሮ ገባሁ። ጓሮው የእትዬ በለጥሻቸው ነው፤ አንድ ክፍል ቤት፣ ከጎኗ አንዲት የቆርቆሮ ማጠቢያ ዳስ። ከሸማኔ የሚመጣልኝን ሁሉ አጥበው፣ ጫፉን ቋጭተው፣ አጥፈው የሚያስረክቡኝ እሳቸው ናቸው። ለአባቴም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። አባቴ ሲሞት ሱቁን እንዳልዘጋ እጄን ይዘው በር ላይ ያስቀመጡኝም እሳቸው ናቸው።

ነጠላዎቹን አገላብጠው አዩና፣ "ይኼን ሁለቴ አጥቤዋለሁ ማስረሽዬ። ሦስተኛ ካመጣኸው እኔንም አብረህ አስጣኝ" አሉ። ከዚያ ሳል ያዛቸው። ጭሱ እዚያም ይገባል። ነደደኝ።

ሰኔ 9

የ"ከጭስ ነፃ ቅያስ" ኮሚቴ ዛሬ ተመሠረተ። ሰብሳቢ፦ እኔ። ጸሐፊ፦ ሪሐና (ደንበኛ እያስተናገደች ስለነበር አልተጠየቀችም)። አባል፦ ወደፊት የሚገኝ ሰው። ኮሚቴው በመጀመሪያ ስብሰባው በሙሉ ድምፅ የወሰነው፦ ነዳጅ የሚጠጣ ማንኛውም ሞተር በዚህ ቅያስ እንዳያልፍ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ እንዲያልፍ። በቅያሱ ሁለት ጫፍ ሰንሰለት ይሰቀል።

ሪሐና ወረቀቱን አንብባ፣ "ደሞዝ አለው?" አለች።

ሰኔ 21

ሰብሳቢ ለሌላው ምሳሌ መሆን አለበት። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ስኩተር ገዛሁ። ሁለተኛ እጅ፣ ሰማያዊ፣ ወንበሯ በፕላስተር የተጣፈ። እግር ማሳረፊያዋ ሥር አምስት ባትሪ ተኝቷል።

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሱቄ ነዳኋት። እግዜር ያሳያችሁ! ድምፅ የላትም። ጭስ የላትም። እንደ ጳጳስ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ በሰው መካከል ስንሳፈፍ፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ማየት ሲገባው ጨርሶ አልሰማኝም። አንድ ተሸካሚ ጀርባ ላይ ልወጣ ትንሽ ቀረኝ። "ጡሩምባ የለህም እንዴ አንተ ሽማግሌ!" አለኝ። ንጹሕ አየር ያልለመደ ሰው ክፉ ነው።

ሐምሌ 4

ቸኩያለሁ። ሰንሰለቱ ሠራ። ስድብ ብዙ። አንዱ "የማን አገር መሪ ነህ?" አለኝ። ግን ዘጠኝ ሞተረኛ ልጆች ወደ ኤሌክትሪክ ዞረዋል፤ ሁሉም እንደ እኔዋ ሁለተኛ እጅ። ቻርጅ የሚያደርጉት ከእኔ ሶኬት። በር ላይ የሰቀልኩት ነጠላ ሳምንት ሙሉ ነጭ! ነጭ! ነጭ!

ሐምሌ 15

ባትሪ ይሞታል። ይኼን ማንም አልነገረኝም፤ ማለት ሻጩ ነግሮኛል፣ ግን ሲሸጥልኝ ሳይሆን ከሸጠልኝ በኋላ ነው። የእኔዋ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ከጀርባዬ ያለው ሚኒባስ ረዳት ወርዶ፣ "ጋሼ፣ ይግፉ እንጂ፤ መቼም ጭስ የለውም" አለኝ።

ባትሪ የሚያድሰው ቶማስ የሚባል ልጅ ነው፤ ከምናለሽ ተራ ሣጥኑን ይዞ ይመጣል። ክዳኑን ይፈለቅቃል፣ የደከመውን አሲድ ቦዩ ውስጥ ይደፋል፣ አዲስ ይሞላል። የማይታደሰውን "ይኼ አልቆለታል" ይልና እዚያው ይተወዋል። "ሁለተኛ እጅ ነው ጋሼ፤ በላዩ ላይ ክረምት፣ በላዩ ላይ መቶ ኪሎ ጭነት። ሁለት ወር ካገለገለዎት ያመስግኑ።"

ያለቀላቸው የት ይሂዱ? ቻርጅ የሚደረገው እኔ ጋ ስለሆነ ሬሳው የሚቀረው እኔ ጋ ነው። ሃያ ሦስት ደርሰዋል። ነጠላ የማስቀምጥበት መደርደሪያ ሥር ተደርድረው ያዩኛል።

ሐምሌ 18

ትናንት ማታ የነበረው ነፋስ የእትዬ በለጥሻቸውን ማጠቢያ ዳስ ቆርቆሮ ሲያነሣና ሲጥል አደረ። ጠዋት ስገባ ግማሹ ተገልጦ፣ እሳቸው ጃንጥላ ይዘው ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ድንጋይ ቢጫንበት ይይዘው ነበር። መርካቶ ውስጥ ግን ያለ ሥራ የተቀመጠ ድንጋይ የት ይገኛል?

በዚህ ጊዜ ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ሃያ ሦስት ባትሪዎች በማጠቢያ ዳሱ ጣሪያ ላይ በክብደትነት እንዲሰማሩ። በዚህም፦ ጣሪያው ይጸናል፤ ሱቁ ይለቀቃል፤ ቆሻሻ የተባለው ጥቅም ላይ ይውላል። አካባቢን መጠበቅ ማለት ይኼ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ውሳኔው ወዲያው ተፈጸመ። ቶማስ ከታች ሲያቀብል "ጋሼ፣ አንዳንዶቹ ስንጥቅ አላቸው፣ አሲድ ያነባሉ" ብሏል። አስተያየቱ ለመዝገብ ተይዟል።

እትዬ በለጥሻቸው ወደ ላይ እያዩ፣ "ምንድን ነው የምትጭኑብኝ?" አሉ።

"የኮሚቴ ውሳኔ ነው እትዬ። ከእንግዲህ ጣሪያዎ አይንቀሳቀስም።"

"ይባርካችሁ" አሉ። ማንን እንደሚባርኩ ግራ ገብቷቸው እንደሆነ አላውቅም፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ ነበር ያነሡት።

ሪሐና ማታ ሱቅ ስንዘጋ፣ "ኮሚቴው መቼ ነው የተሰበሰበው? እኔ ጸሐፊ አይደለሁም እንዴ?" አለች። ጊዜ አልነበረም አልኳት።

ሐምሌ 26

ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ። ጣሪያው ንቅንቅ አላለም። ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ፣ እትዬ በለጥሻቸው ከዳሱ አሸንዳ ወደ በርሜል የሚወርደውን ውሃ ነው የሚያጥቡበት። "የዝናብ ውሃ ሳሙና አረፋ ያስወጣል" ይላሉ። ሻይም ያፈሉበታል። አንድ ብርጭቆ ሰጥተውኝ ነበር፣ ደንበኛ ስለጠበቀኝ አልጨረስኩትም።

ነሐሴ 3

ከታጠቡት መካከል አንዱ ነጠላ ላይ ቀዳዳ። ሰፊ አይደለም፤ የጣት ጫፍ ታህላለች። ዙሪያዋ ቢጫ። ለደንበኛ ስዘረጋው ጣቷን በቀዳዳው አሾልካ አየችኝ። ጥፋቱ የክሩ ነው። የዘንድሮ ክር ክር አይደለም።

ነሐሴ 8

አራት ነጠላ። ብል ነው። መደርደሪያው ውስጥ የብል መድኃኒት፣ ናፍታሊን፣ በተንኩበት። ሱቁ የሬሣ ሣጥን ሸተተ። ሪሐና አፍንጫዋን ይዛ መጣች።

"ብል የሚበላው ሱፍ ነው ጋሽ ማስረሻ። ጥጥ አይበላም።"

"የመርካቶ ብል ሁሉንም ይበላል።"

"የእኔ ሻርፖችስ? ፊት ለፊት ነን እኮ። ወይስ ብሉ ጾመኛ ነው፣ የክርስቲያን ዕቃ ብቻ ነው የሚበላው?"

ከሴት ጋር ስለ ነፍሳት አልከራከርም።

ነሐሴ 12

አሥራ አንድ። አሥራ አንድ ነጠላ! ለዘመን መለወጫ ያስቀመጥኳቸው! አንዱን ሁለት እጄ ላይ አድርጌ ስስበው እንደ እርጥብ ወረቀት ተበጣጠሰ። ብው አልኩ። እንደዚያው ብው እንዳልኩ ወደ ጓሮ ገባሁ።

"እትዬ በለጥሻቸው፣ በረኪና ነው! በረኪና እያበዙ ነው የፈጁኝ! ማየት ካቃተዎት ማየት አቃተኝ ይበሉኛ!"

ዳሱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እየቋጩ ነበር። ክሩን አልለቀቁትም።

"ማስረሽዬ፣ በረኪና ከነካሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ደረቴን ስለሚይዘኝ አንተው ራስህ እኮ ነህ ያስቆምከኝ።"

እኔው ነኝ። ጠርሙሱን ራሴ ነበርኩ የወሰድኩት።

ያን ጊዜ እጃቸውን አየሁ። መዳፋቸው ተላልጧል፤ ጣታቸው ጫፍ ላይ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ቀልቷል። "ምን ነካዎት?" ማለት ነበረብኝ። "ለማንኛውም ይጠንቀቁ" ብዬ ወጣሁ። ድምፄ ከፍ ያለ ነበር፤ ቅያሱ ሁሉ ሰምቷል። ይኼን የምጽፈው ከራት በፊት ነው። ራት አልበላም።

ነሐሴ 15

ከክፍለ ከተማው ደብዳቤ መጣ! ቅያሳችን ከጭስ ነፃ በመሆኑ ለምሳሌነት ተመርጧል፤ ጳጉሜን 1 ሰዎች መጥተው የምስክር ወረቀት ይሰጡናል። ለኮሚቴው። በር ቀለም ይቀባ። ሰንሰለቱ ይወልወል። እትዬ በለጥሻቸው ሆዳቸውን ያማቸዋል። የፍልሰታ ጾም ነው፤ ሽማግሌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ከዋለ ሌላ ምን ይሆናል? ነገ ይፈሰካል፤ ይሻላቸዋል።

ነሐሴ 20

ከተፈሰከ አራት ቀን ሆነ። ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል። እህል አይወስዱም፤ ሻይ ብቻ። ፊታቸው እንደ ደከመ ሸማ ነጥቷል። ሪሐና ልቃቂት ልታቀብላቸው ገብታ ነበር። ስትወጣ ጓሮውን፣ ከዚያ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ እኔን። "ምን?" አልኳት። "ምንም" አለች። የሪሐናን "ምንም" የሚያውቅ ያውቀዋል።

ነሐሴ 22

በስኩተሬ ጭኜ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ከጀርባዬ ወገቤን ይዘው፣ "ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፤ እንዴት ያለች ናት!" ይሉ ነበር በየመታጠፊያው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጥርት ያለች ልጅ። ሆዳቸውን ዳሰሰች። ከንፈራቸውን ገልጣ ድዳቸውን አየች፣ መብራት አምጥታ ደግማ አየች። ከዚያ ጠየቀች።

"እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ነጭ ልብስ አጥባለሁ ልጄ።"

"ቤትዎ አካባቢ ብረት የሚያቀልጥ፣ ባትሪ የሚሰብር፣ የባትሪ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው አለ?"

"ኧረ የለም! የእኛ ሰፈር እንኳን ባትሪ ጭስም የለው። ይኼ ልጅ ነው ያስቆመልን።" ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። "ልጃቸው ነዎት?"

"ጎረቤት ነኝ" አልኩ።

ጥያቄው የቀረበው ለእሳቸው ነው። ኮሚቴው አልተጠየቀም።

የጨጓራ መድኃኒት ጻፈችላቸው። ስንወጣ ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ደማቸው ውስጥ የባትሪ እርሳስ ገብቶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እዚህ መመርመሪያው የለንም፤ ወደ ሆስፒታል ልልካቸው ደግሞ ምክንያት ያስፈልገኛል። አንድ ነገር ካስታወሱ ይምጡ" አለችኝ።

እሺ አልኩ። የማስታወስ ችሎታዬ ጥሩ ነው።

ነሐሴ 25

እሑድ። ቅያሱ ባዶ። መሰላል ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ።

ቆርቆሮው በእያንዳንዱ ባትሪ ሥር በባትሪው ልክ ተበልቷል። ሃያ ሦስት አራት ማዕዘን ዝገት፤ ጥቂቶቹ እጅ ያሾልካሉ። ስንጥቅ ካላቸው ሁሉ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር እየወጣ፣ የቆርቆሮውን ሸንተረር ተከትሎ ወደ አሸንዳው፣ ከአሸንዳው ወደ በርሜሉ። መንገዱ ልክ እንደ ተሰመረ ይታያል። ማንም ሊያየው የሚችል ነው። ወደ ላይ ቀና ያለ ማንም።

ወርጄ ከአንድ ደህና ነጠላ ቁራጭ ቀድጄ በርሜሉ ውስጥ ነከርኩ። ምድጃ አጠገብ ሰቀልኩት። ሲደርቅ በሁለት ጣቴ አሸሁት። ዱቄት ሆነ።

ክሩ ደህና ነበር። ብል የለም። በረኪና የለም።

አንድ በአንድ አወረድኳቸው። በርሜሉን ግን የት እደፋዋለሁ? ቦዩ ውስጥ ብደፋው የታችኛው ቤት ሰዎች አሉ። ከድኜ አሰርኩት፤ ለእትዬ በለጥሻቸው "በርሜሉ ተሰንጥቋል" አልኳቸውና በጄሪካን ውሃ አመጣሁላቸው። መረቁኝ።

ነሐሴ 26

ለቶማስ ደወልኩለት።

"ባትሪዎቹን ብወስዳቸው ደስ ይለኛል ጋሼ፤ የሚገዙ አሉ።"

"ምን ያደርጉበታል?"

"ሰብረው እርሳሱን ያቀልጡታላ።"

"የት?"

"ጓሮ ውስጥ።"

"የማን ጓሮ?"

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ? የሆነ ሰው ጓሮ።"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በቶማስ ላይ ነው እንዴ የምቆጣው? ያነባሉ ያለኝ እሱ ነው! አሁን ሃያ ሦስቱም በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ፣ ከምቀመጥበት ወንበር ሥር ናቸው። የሚረከበኝ እስኪገኝ እዚያው ይቆያሉ።

ነሐሴ 29

እትዬ በለጥሻቸው ተሽሏቸዋል። ማለት፣ ሰው ሲጠይቀኝ ተሽሏቸዋል እላለሁ።

ጳጉሜን 1

የምስክር ወረቀቱ ባለ መስታወት ነው። የመጡት ሰዎች ደህና ሰዎች ናቸው፤ እጄን ይዘው ፎቶ ተነሡ። ንግግር አድርግ ተባልኩ። "ኮሚቴያችን..." ብዬ ጀመርኩ። ከፊት ለፊት ሪሐና ሱቋ በር ላይ ቆማለች። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ሁለት እጇን አጣምራ ነበር።

ሲሄዱ መጣች። አልሳቀችም፣ አልቀለደችም፤ ይኼ ነው ያስፈራኝ።

"እትዬ በለጥሻቸው ዛሬ ጠዋት ደም የተቀላቀለበት አስታወኩ" አለች። "እኔ ነኝ የጠረግሁት። ኮሚቴው ምን ወሰነ?"

የምስክር ወረቀቱን መስታወት በእጅጌዬ ወለወልኩ።

"ጸሐፊ ነሽ ብለው ስሜን ከጻፉ ሦስት ወር ሆነ። አንድ ቃለ ጉባኤ አልጻፍኩም። ይኼኛውን እኔ እንድጽፈው አያድርጉኝ።"

ጳጉሜን 2

ነገርኳቸው። ከአልጋቸው አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ። ጣሪያውን፣ አሸንዳውን፣ በርሜሉን። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት።

"ሻዩንም?" አሉ።

"ሻዩንም።"

"ስትጭኑብኝ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄህ ነበር።"

"አዎ።"

"ኮሚቴ ነው አልከኝ።"

"አዎ።"

 የተላላጠ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አገላብጠው አዩት።

"በረኪና ነው ብለህ ጮህክብኝ። ሰው ፊት። በሌሊት ቁጭ ብዬ፣ ረስቼ ነክቼው ይሆን እንዴ፣ አርጅቼ ይሆን እንዴ ስል ነው የከረምኩት።"

ብርድ ልብሱን ሳብኩላቸው።

"ጥራው ኮሚቴውን" አሉ። "ጥራልኝና ልስደበው።"

"እዚህ ነው ያለው እትዬ።"

ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ። ሰደቡኝ። እንዲህ ያለ ስድብ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ የአባቴንም ስም ጠሩ። ሲደክማቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ እኔም ይቅር ይበሉኝ አላልኩም። ስወጣ ብቻ፣ "ነገ ለዚያች ሐኪም በአፍህ እንዳትነግራት" አሉኝ። "በአፍህ ታሳምራለህ። ጻፈው።"

ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እርማት

ለጤና ጣቢያው ሐኪም ዛሬ ጠዋት የሚሰጥ፤ ግልባጩ ለዚህ ደብተር።

ሐምሌ 18 ቀን "ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወሰነ" ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ስለሆነ እንደሚከተለው ታርሟል፦ ኮሚቴ አልተሰበሰበም። የተሰነጠቁ የስኩተር ባትሪዎችን በወይዘሮ በለጥሻቸው ጣሪያ ላይ የጫንኩት እኔ ማስረሻ ነኝ። አሲድ እንደሚያነቡ ቀድሞ ተነግሮኛል። ለሠላሳ ሰባት ቀን ያጠባቸው የዝናብ ውሃ እሳቸው በሚያጥቡበትና በሚጠጡት በርሜል ውስጥ ገብቷል። ሆስፒታል ለመላክ ምክንያት ያስፈልጋል ባሉት መሠረት ምክንያቱ ይኸው ነው።

በተጨማሪም ነሐሴ 22 ቀን ወይዘሮ በለጥሻቸው ባትሪ የለም ብለው የሰጡት ቃል የሚያውቁትን ነው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ ጥያቄውን ሰምቻለሁ።